የእሜቴ ሌባ

ሌባው ቤታችን መመላለስ የጀመረው ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ሰሞን ነው። መልኩን አይቼው አላውቅም፤ መኖሩን ግን የራሴን ስም ያህል አውቀው ነበር። አባቴና እናቴ በሹክሹክታ የሚያወሩት ስለ እሱ ነበራ።

«ዛሬ መጣ እንዴ?» ይላል አባቴ፣ ከስፌት ክፍሉ አንገቱን ብቅ አድርጎ።

«አልመጣም» ትላለች እናቴ። አንዳንድ ቀን ደግሞ አትመልስም። ያኔ አባቴ መቀሱን ያስቀምጥና ወጥቶ አጠገቧ ይቆማል።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ከመንገዱ ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ሱቁ ናት፤ ከጀርባዋ እንኖራለን። እናቴ መኪና መንዳት ታስተምር ነበር። በዚያ ሰፈር መሪ የጨበጠ ሰው ሁሉ በእሷ ቁጣ ያለፈ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ጎረምሳውም ሽማግሌውም መንገድ ላይ ሲያገኛት «መምህርት፣ ዛሬም ፍሬቻ አሳይቻለሁ!» እያለ ይስቃል። እሷም «መታጠፍህን ለእኔ ሳይሆን ከኋላህ ላለው አሳየው» ትላለች።

እሜቴ የምንላት መኪናዋን ነው። ከአባቷ የወረሰቻት፣ ከራሷ ከእናቴ በሁለት ዓመት የምትበልጥ፣ ቅቤ የመሰለች መኪና ነበረች። መብራቶቿ ክብ ናቸው፤ የተገረመ ሰው ዓይን ይመስላሉ። መሪዋ ቀጭንና ሰፊ ነው። ስትሄድ አትቸኩልም፤ አዳዲሶቹ መኪኖች ጥሩንባ እየነፉ ሲያልፏት ዞር ብላም አታይም። ለዚህ ነው ሰፈሩ እሜቴ ያላት። በከተማው ውስጥ እሷን የምትመስል ሌላ አልነበረችም። ጋራዥ ያለው ጎረቤታችን አንድ ነገር በተበላሸባት ቁጥር ራሱን ይዞ፣ «የዚች ዕቃ ሱቅ አይገኝም፣ ሙዚየም ገብቶ መስረቅ ነው» ይል ነበር።

እንግዲህ ሰው ሁሉ የሚመኛትን መኪና ሌባ ቢመኛት ምን ይገርማል?

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ከኩሽና ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ጉንጯ አብጧል፤ ከንፈሯ ጥግ ላይ ደም አለ። የተሰበረ ብርጭቆ ዙሪያዋን ተበትኗል። አባቴ ጀርባዋን ደግፎ «አለፈ፣ አለፈ፣ ሄዷል» ይላታል።

«ማነው የሄደው?» አልኩ።

ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። «ማንም» አለች እናቴ። ምላሷ የተሳሰረ ይመስል ነበር። «ተንሸራትቼ ነው ሚጡ። ጫማሽን አውልቂ፣ ብርጭቆ አለ።»

ከዚያ በኋላ ጆሮዬን አቁሜ መኖር ጀመርኩ። አንድ እሑድ አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ መጣና በሩን ዘግተው ተቀመጡ። እኔ ከበሩ ማዶ ቁልቁል ተደፍቼ የቤት ሥራ እሠራ ነበር፤ ቢያንስ ደብተሬ ተከፍቷል።

«መቼ እንደሚመጣ ምልክት የለውም?» ይላል አጎቴ።

«የለውም። ድንገት ነው የሚይዘኝ።»

«መሪ ላይ ሆነሽ ቢይዝሽስ?»

«መሪ ላይ ሆኜ መጥቶብኝ አያውቅም።»

«እስኪመጣብሽ ልትጠብቂ ነው? አንተስ ምን ትላለህ? ቁልፉን ቀማት እንጂ!»

አባቴ የመለሰው አልተሰማኝም። አባቴ ሲናገር ሁልጊዜ አፉ ውስጥ መርፌ ያለ ይመስላል።

በቋንቋችን ሕመም እንደ ሰው ነው፤ ይመጣል፣ ይይዛል፣ ይጥላል፣ ይሄዳል። ይህን የማስተውል ልጅ አልነበርኩም። እኔ የገባኝ ሌላ ነው፦ አንድ ሰው እናቴን መሪ ላይ ሊይዛት ይፈልጋል። መሪው የእሜቴ ነው። ስለዚህ ሰውየው የሚፈልገው እሜቴን ነው።

በማግስቱ ወደ አባቴ ክፍል ገባሁ። ለልብስ መለኪያው የእንጨት ምስል አንድ ኮት አልብሶ፣ በከንፈሩ አራት አምስት መርፌ ነክሷል።

«አባዬ፣ ሌባው የሚመጣው እሜቴን ሊሰርቅ ነው አይደል?»

መርፌዎቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ። የመርፌ ማስቀመጫ ትራሷ ላይ እስኪሰካቸው ጠበቅኩ።

«ማን ነገረሽ?»

«ስታወሩ ሰምቻለሁ።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ዛሬ እኔም ልጅ አለችኝና ያ አስተያየት ይገባኛል፤ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር፣ ግን ይኸው የተሻለ ይዘሽልኝ መጣሽ የሚል አስተያየት ነው።

«አዎ» አለ። «እሜቴን ነው የሚፈልጋት። አንሰጠውም።»

በዚያው ሳምንት ጥበቃው ተጀመረ። አባቴ ወፍራም ሰንሰለት አምጥቶ መሪውንና የፍሬን መርገጫውን አንድ ላይ ቆለፈ። ሦስት ቀን ሳይሞላ ሰንሰለቱ ተፈትቶ፣ ተጠቅልሎ፣ ወንበሩ ላይ በሥርዓት ተቀምጦ አገኘነው። «ሌባው ጨዋ ነው» አልኩ። አባቴ አልሳቀም። ቀጥሎ የባትሪውን ገመድ ፈታው፤ በማግስቱ ተመልሶ ታስሯል። ቀጥሎ ለእሜቴ ከድንኳን ጨርቅ ልብስ ሰፋላት። ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ የሚሸፍን፣ ከኋላ በኩል አርባ ሁለት ቁልፍ ያለው ልብስ ነው። ሌባው አርባ ሁለት ቁልፍ ፈትቶ እስኪጨርስ አንዳችን እንደርስበታለን ብዬ ደስ አለኝ። እናቴ በመስኮት እያየችው፣ «ለእኔ እንኳ እንዲህ ያለ ቀሚስ ሰፍተህልኝ አታውቅም» አለችው። ድምጿ የቀልድ ነበር፤ ፊቷ ግን የቀልድ አልነበረም።

ሰንሰለቱን የምትፈታውም ገመዱን የምታስረውም እናቴ ነበረች። አሁን ሳስበው፣ ሁለቱ በዚያች መኪና ላይ አፍ አውጥተው ሊናገሩት ያልቻሉትን ጠብ ይጣሉ ነበር። እሱ ይቆልፋል፣ እሷ ትከፍታለች። እሱ «አትነጂም» ማለት አልሆነለትም፤ ሃያ ዓመት ሰው ያስተማረችውን ሴት እንዴት አድርጎ? እሷም «እነዳለሁ» አላለችም። ጠዋት ቡናቸውን ጠጥተው ሁለቱም ስለ ሌላ ነገር ያወራሉ።

በመጨረሻ አባቴ ጋራዥ ያለውን ጎረቤታችንን ጠራው። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ለሞተሩ የኤሌክትሪክ እሳት ከሚያከፋፍለው ክዳን ሥር አንዲት ጥቁር ቁራጭ ነቅሎ አወጣ። የአውራ ጣት ያህል ናት፤ ጫፏ ላይ ትንሽ ናስ አላት።

«ይቺ ከሌለች» አለ፣ መዳፉ ላይ እያገላበጣት፣ «መምህርት እንኳን ብትሆን አታስነሳትም።»

አባቴ በዓይኑ ገሰጸው። መካኒኩ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ማለቴ፣ ሌባ ቢሆን» አለ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ስፌት ክፍል ጠርቶኝ ግራጫ ካፖርቴን አስወለቀኝ። የታችኛውን ጠርዝ ተረተረና ቁራጯን ውስጡ ከትቶ መልሶ ሰፋው። ግራጫ ክር አልቆበት ስለነበር በቀይ ሰፋው።

«የትም ብደብቃት ይደርስባታል። አንቺ ጋ ግን አይፈልግም» አለኝ። «ለማንም አትነግሪም።»

«ለእማዬስ?»

ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ለእማዬም። አስፈራርቶ ሊያስነግራት ይችላል።»

እንዴት እንደኮራሁ! ካፖርቴን ለብሼ ስሄድ ቁራጯ ጉልበቴን መታ መታ ታደርገኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ሙቀት ሆኖ ልጆቹ ሁሉ ሲያወልቁ እኔ ላቤ እየተንጠፈጠፈ አላወልቅም። አስተማሪያችን አሞኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ሌባውም የጠፋ መሰለ። «መጣ እንዴ?» ይላል አባቴ፤ «አልመጣም» ትላለች እናቴ፣ በየቀኑ። ከንፈሯ ጥግ ላይ የነበረው ቁስል ደረቀ። መዝፈን ጀመረች። 

ያ ቀን ቅዳሜ ነው። አባቴ የሙሽራ ሱሪ ሊለካ ደንበኛ ቤት ሄዷል። እኔ ግቢ ውስጥ ገመድ እዘላለሁ፤ ፀሐይ ነው፣ ካፖርቴን ግን ለብሻለሁ። እናቴ ወጣች። ጥሩውን ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ፣ ፀጉሯን አስራለች። ከእሜቴ ኋላ ተንበርክካ ቁልፎቹን መፍታት ጀመረች። አርባ ሁለቱንም ስትፈታ ቆጠርኩ። ጨርቁን እንደ አንሶላ አጥፋ አስቀመጠችው።

«ሚጡ፣ ነይ እስቲ።»

ሄድኩ። ቁጭ ብላ ዓይኖቿን ከዓይኖቼ ጋር አስተካከለች።

«ያቺን ቁራጭ ስጪኝ።»

«የቷን?»

ሳቀች። «የኔ ልጅ፣ በዚህ ፀሐይ ካፖርት ለብሰሽ እየዘለልሽ?»

«አባዬ ለማንም እንዳትሰጪ ብሎኛል። ሌባው ያስፈራራሻል።»

ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ። ስለ ሌባው የነገራት ሰው ያለ አልመሰለኝም፤ ግን ወዲያው ገባት። ጉንጬን ዳሰሰችኝ።

«ሌባው ሄዷል» አለች። «ዛሬ ሃምሳ ሦስት ቀኑ። አንድም ቀን አልመጣም። እየቆጠርኩ ነው።»

«ማን አባረረው?»

«እኔ።»

«አይመለስም?»

«አይመለስም።»

ስትዋሸኝ አልነበረም። ዓመታት ወስዶብኛል፤ አሁን ግን እርግጠኛ ነኝ። ሃምሳ ሦስት ቀን የቆጠረ ሰው የሚያምነውን ነበር የነገረችኝ።

ካፖርቴን አወለቅኩ። በጥርሷ ቀዩን ክር ነክሳ በጠሰችው። ኮፈኑን ከፍታ ቁራጯን በቦታዋ ስታስገባ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ፤ ጥበቃው አልቋል፣ አሸንፈናል። በሩን ከፍቼ ከጎኗ ተቀመጥኩ። የቆዳው ወንበር ይሞቃል፣ የቤንዚንና የአሮጌ አቧራ ሽታ አለው። ቁልፉን ስታዞረው እሜቴ ሁለት ጊዜ አሳላት፣ በሦስተኛው ተነሳች። እናቴ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ ዓይኗን ጨፈነች።

«አንድ ዙር ብቻ» አለች። «አባትሽ ሳይመጣ።»

ቀስ ብላ ወደ መውጫው ነዳቻት። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ቆመች። ወደ እኔ ዞረች።

«ውረጂ ሚጡ።»

«ለምን? እኔም ልምጣ እንጂ!»

«በሩን ማን ይዘጋል? ውረጂ፣ እዚሁ ጠብቂኝ።»

«እማዬ እባክሽ...»

«ውረጂ አልኩሽ!»

ተቆጥታኝ የማታውቅ እናቴ ጮኸችብኝ። እያለቀስኩ ወረድኩ፤ የመኪናዋን በር ያለ የሌለ ኃይሌን ሰብስቤ አላጋሁት። እሷ አንዴ አየችኝና ሄደች። ማዕዘኑ ላይ ፍሬቻዋን አሳይታ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ከኋላዋ ማንም አልነበረም።

ያቺን «ውረጂ» ስንት ዓመት ተቀይሜባታለሁ! የመጨረሻ ቃሏ ቁጣ ሆኖ ቀረብኝ ብዬ። በኋላ ነው የገባኝ፦ ሌባው ሄዷል ብላ ከልቧ ብታምን ኖሮ ከጎኗ ታስቀምጠኝ ነበር። ለራሷ አምናዋለች። ለእኔ ግን አላመነችውም።

እሜቴን ከሰፈራችን ቁልቁለት ግርጌ፣ ከአንድ የእንጨት መጋዘን የድንጋይ አጥር ጋር ተላትማ አገኟት። ፍሬን የተያዘበት ምልክት አልነበረም። ሌላ የተጎዳ ሰው የለም። እናቴ ሐኪም ቤት ሳትደርስ አረፈች።

ቤታችን በሰው ተሞላ። ወንበር ተበደሩ፤ ሴቶች አቀፉኝ፤ ማንም ምን እንደሆነ አይነግረኝም። እኔ ግን የሆነውን ደርሼበታለሁ። በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ከወንበሬ ተነሳሁ።

«ሌባው አልሄደም ነበር» አልኩ። «ኋላ ወንበር ሥር ተደብቆ ነው። ቁራጯን ለእማዬ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሄዷል ስትለኝ ጊዜ ሰጠኋት።»

 አጎቴ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ምን አልሽ? ምኗን ነው የሰጠሻት?»

አባቴ ተነሳ። ሦስት ቀን ሙሉ ቃል ያልወጣው ሰው ድምፁ እስከ ደጅ ተሰማ።

«ልጅቷ የያዘችው የማይሠራውን አሮጌ ነው» አለ። «መጫወቻ እንዲሆናት የሰጠኋት። ትክክለኛውን የቅዳሜ ዕለት ጠዋት እኔ ራሴ ገጥሜዋለሁ። ሞተሯ እንዳይደርቅ ላስነሳት ብዬ። ከዚያ ደንበኛ ጠራኝና ሳላወጣው ሄድኩ።»

«ሳታወጣው?» አለ አጎቴ።

«ረሳሁት።»

«ስንት ጊዜ ነገርኩህ? ቁልፉን ቀማት ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ?»

«ነግረኸኛል።»

«እና ረሳሁት ትለኛለህ? እህቴን ረሳኋት ትለኛለህ?»

አባቴ አንገቱን ደፋ። አጎቴ ኮቱን አንስቶ በሰው መሐል ወጣ። ከዚያች ቀን በኋላ ደጃችንን አልረገጠም። የእናቴ ዘመዶች አንድ በአንድ ተከትለውት ቀሩ። አጎቴ እኔን ትምህርት ቤት በር ላይ እየጠበቀ ይስመኛል፣ ደብተር ይገዛልኛል፣ ስለ ሁሉም ይጠይቀኛል፤ ስለ አባቴ ግን ደህና ነው ወይ እንኳ ብሎ አያውቅም።

እኔስ? እኔ በዚያች ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ። የሰጠኋት ቁራጭ መጫወቻ ነበረች፤ አባቴ ነው የረሳው። የሚጥል በሽታ እንደነበረባት በአሥራ አራት ዓመቴ ሲነገረኝ ሌባው ሞተ፤ የአባቴ መርሳት ግን አልሞተም። አሥራ ስድስት ዓመቴ ላይ፣ ስለ ምን እንደተጣላን እንኳ ረስቼዋለሁ፣ «አንተ ባትረሳው ኖሮ እናት ይኖረኝ ነበር!» ብዬ ጮህኩበት። የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለ ነበር። ቀና ሳይል «እውነትሽን ነው» አለኝ። ከዚያ ቁልፉን ተክሎ ጨረሰ።

ባለፈው ዓመት መኪናዬ ፍሬኗ አስቸገረኝና ወደዚያው ጋራዥ ወሰድኳት። ሥራውን አሁን የያዙት የመካኒኩ ልጆች ናቸው። እሱ አርጅቶ በር ላይ ወንበር አስቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል። ስሜን ስነግረው ዓይኑ በራ። ስለ እናቴ አወራን፤ ከዚያ ስለ እሜቴ።

«የተሰባበረችውን የፈታታኋት እኔ ነኝ» አለ። «ያቺን ቁራጭ ሳወጣት አንጀቴን ነው የበላችው። ቀይ ክር ተጠምጥሞባት ነበር። እስካሁን ይታየኛል።»

«መኪናዋ ላይ የነበረችው ሌላኛዋ ናት እኮ» አልኩት። «የምትሠራውን አባቴ ጠዋት ገጥሞ ነው የረሳው።»

«የምን ሌላኛ?» ሽማግሌው በግርምት አየኝ። «አንድ ብቻ ነበረቻት። ሁለተኛ ፍለጋ ስንት ዓመት ለፋሁ። ለአባትሽ ክሩን ሳሳየው 'ለማንም እንዳትተነፍስ' አለኝ። አሁን ግን ትልቅ ሰው ሆነሻል፣ ነግሮሽ መስሎኝ...»

እጁን አፉ ላይ አደረገ።

መኪናዬን እዚያው ትቼ በእግሬ ሄድኩ። አባቴ ሱቁ ውስጥ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሱሪ ጠርዝ ይጠልፋል። አጠገቡ ተቀመጥኩ። 

«አባዬ፣ ሁለተኛ ቁራጭ አልነበረም።»

መርፌው አልቆመም። «ማን ነው ያለው?»

«መካኒኩ።»

«አርጅቷል። ይቀላቅላል።»

«ቀይ ክር ነበረባት አለ።»

ያኔ መርፌው ቆመ። ጨርቁን ጉልበቱ ላይ አለሰለሰው፣ እንደገና አለሰለሰው።

«ረስቼው ነው» አለ። «እኔ ነኝ የረሳሁት። ሻይ ትጠጫለሽ?»

ሠላሳ አንድ ዓመት የተሸከመውን ሊያወርድ አልፈለገም። አልታገልኩትም። ሻዩን ጠጣሁ፤ እጁን ስሜ ወጣሁ፤ ቀጥታ ወደ አጎቴ ቤት ሄድኩ።

አጎቴ ሰማንያ ሊሞላው ነው። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገርኩት፤ ካፖርቱን፣ ቁልፎቹን፣ «ውረጂ» ያለችኝን። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለ። «ባውቅ ኖሮ... ያን ቀን አንቺ ላይ እነሳ ነበር። አባትሽ ያውቀኛል። የዋሸው ለዚህ ነው።»

ከዚያ ጫማውን እንዳቀብለው ጠየቀኝ።

ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ክንዴን ለቀቀና ብቻውን ገባ። እኔ መንገድ ላይ ቀረሁ። አባቴ ቀና ብሎ አየው። መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። 

«ሱሪ ላሳጥር ነው» አለ አጎቴ።  «ረዝሞብኛል። አጥሬ መሰለኝ።»

አባቴ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ በዝግታ፣ አንድ እጁን ወንበሩ ላይ ደግፎ፣ ተንበረከከ። የአጎቴን ሱሪ ጫፍ አጠፈና መርፌ ፈለገ። መርፌዎቹ ከእጁ ይወድቁ ነበር። አጎቴ ጎንበስ አለ፤ ጎንበስ ማለት እንደሚከብደው ያስታውቃል፤ የወደቁትን እየለቀመ አንድ በአንድ ያቀብለው ጀመር።